ማርያም የሳመችው ዓይን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬም ከመስታወት ጋር ተፋጠናል። ግራ ዓይኔ ነጩ ላይ ያለችው ቡናማ ነጥብ ሰፍታለች? አልሰፋችም? እንጃ። ት/ቤት ተማሪዎቼ ቡና ተረጨብሽ ወይ እያሉ ይስቃሉ። አብሬ እስቃለሁ። አንተ ማስታወሻ ግን እውነቱን እወቅ፤ ፈርቻለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፎ ብዙ አየ። ከልጅነቴ ጀምሮ የነበረችና ያልተለወጠች ከሆነች እየተከታተልን እንተዋት ይሆናል አለ። በቅርብ የወጣች ከሆነች ግን ተቆርጣ ትመርመር። ካንሰር የሚለውን ቃል ቀስ ብሎ ነው ያወጣው። ከዘገየ ዓይኑም ሊሄድ ይችላል። የድሮ ፎቶ ይዘሽ ነይ አለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

የምረቃ ፎቶዬን አወጣሁ። ዓይኔ ወተት መስሏል! ነጥቧ የለችም፤ አዲስ ናት ማለት ነው። ከዚያ አገጬን አየሁ። እዚያ ያለችው ጥቁር ምልክቴም የለችም። ለካ ያነሳኝ የሲቀላ ሰፈሩ ፎቶ ቤት ነው። የሰው ፊት ሳያሳምር አያትምም። መታወቂያዬም የእሱ ሥራ። ቆንጆ አድርጎ አጠፋኝ! በየትኛውም ፎቶ ላይ እኔ የለሁም።

እሁድ፣ ጥቅምት 10። ጫኖ

እማዬ ዘንድ ነኝ። ነገርኳት። ማርያም የሳመችሽ ናት፣ ስትወለጂም ነበረች ብላ ማለች። ዓይን በቢላ አይነካም አለች። አባዬ ለኦፕሬሽን ገብቶ በሳጥን ነው የተመለሰው፤ ፍርሃቷ ይገባኛል። ላምናት እንዴት እንዳማረኝ!

ማታ

ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ጎርጉሮ አንድ ፎቶ አገኘ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ማንጎ ስናወርድ። እየሳቅኩ ወደ ላይ አያለሁ፣ ዓይኔ ፍጥጥ ብሎ። በጣቴ አሰፋሁት። አገጬ ላይ ምልክቴ አለች። ያልተነካካ ፎቶ ነው። ግራ ዓይኔ?

ንጹሕ። ምንም የለበትም።

እማዬ የቅርብ ነገር አይታያትም። «አየሻት አይደል ልጄ?» አለችኝ።

አየኋት አልኳት።

ፎቶውን ወደ ስልኬ ልኬዋለሁ። ነገ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ነኝ። ይቁረጣት።

እማዬ ደጅ ተቀምጣ ማርያምን ስታመሰግን ይሰማኛል።