አጎትሽ ኪስ የገባው ትርፍ ቁልፍ

ልጄ ሆይ፣ በሄድሽበት ሁሉ በር ይከፈትልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ተሽሏታል፤ የቁልፍ ሱቄንም በር ቀለም ቀብቼዋለሁ።

ትናንት አጎትሽ ሱቄ መጥቶ ደረቱን ነፋ። «ልጅህ የይለፍ ቃሎቿን በሙሉ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ቆልፋ፣ ምናልባት ብረሳው ብላ ዋናውን ቃል ለእኔ ላከችልኝ። የፕሮግራሙ አሠራር የተጻፈበት ኮድ ማንም እንዲያየው ክፍት ነው። አንተ አይገባህም፣ ጋሼ!» አለኝ።

እንዴት አይገባኝም? ለደንበኛ ማሳያ ሆዱን ሰንጥቄ መስኮቱ ላይ የሰቀልኩትን ጓጉንቸር ታውቂዋለሽ። አሠራሩን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል፤ ያለ ቁልፉ ግን አይከፈትም። ፕሮግራምሽ ጥሩ ነው። የመረጥሽው ሰው ነው የከፋው። ቁልፍ መሞረዴን ስቀጥል ያላመንኩት መስሎት፣ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ቃልሽን ጮክ ብሎ አነበበው። ጫማ ጠጋኙ እንኳ ሰማ!

አርባ ዓመት የሰፈሩን ትርፍ ቁልፍ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የማንንም በር ከፍቼ አላውቅም። የገዛ ልጄ ግን አለፈችኝ።

እባክሽ ቃሉን ዛሬውኑ ለውጪ። አዲሱን ጽፈሽ፣ በፖስታ አሽገሽ ለእኔ ላኪ፤ አልከፍተውም። ለአጎትሽ አትንገሪው፤ በአሮጌው ይኩራ።

አምላክ ይጠብቅሽ። ከእሱ ቀጥሎ ጠባቂሽ እኔ ነኝ።

አባትሽ