ጠርዙን ብቻ ሽጭልኝ ያለችው ጎረቤቴ

ይድረስ ለማከብርዎ እህቴ ለእትዬ ውቢት፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ባለፈው ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለውኝ ነበር፤ የላክሁት ቅባት ተስማማዎት ወይ? ጋሼ ደጉን ያ ሳል ለቀቃቸው? ሜላትስ የሙሽራ ጭንቀት ጀመራት ወይስ እንደ ልጅነቷ እየሳቀች ነው? የደብረ ብርሃን ውርጭ ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ዓይኔ ከመርፌ ቀዳዳ በቀር ሁሉን ያያል። ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልፈው ግን ደህና ያልሆነ ነገር አለ፤ የምጽፈውም ስለሱ ነው።

ባለፈው ሲደውሉልኝ ኔትወርኩን አመካኝቼ ዘጋሁት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ድምፄን እንዲሰሙብኝ አልፈለግሁም። ፊደል በስተርጅና መማሬ ለዚህ ጠቀመኝ፤ ወረቀት ፊት አያይም።

ለሜላት ሰርግ የአልጋ ልብስ እየሰፋሁ ነው ያልኩዎ ጊዜ፣ “ለሙሽራ ድሪቶ? ብርድ ልብስ ፋብሪካ ደጃፍ ለምንኖር ሰዎች?” ብለው ሳቁብኝ። ለጨዋታ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አባታችን እርስዎን ተማሪ ቤት ሰዶ እኔን ከጥጃ ጋር ያስቀረኝ ቀን አንጀቴ የገባው ነገር ገና አልወጣም፤ ይኸም በላዩ ተደረበ። እንግዲያው የሳቀውን አፍ የሚዘጋ ነገር ልስፋ ብዬ ተነሣሁ።

መሃሉ ቀላል ነው፤ እራፊን ከእራፊ ማንም ያጋጥማል። ድሪቶን ከድሪቶነት የሚያወጣው ጠርዙ ነው። የቆሰበር ገበያ ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ለቀምሁ፤ የጎደለኝን ከልባሽ ሻጮች ገዛሁ። ሁሉንም በሦስት ማዕዘን ቆርጬ፣ የአንዱን ሹል ወደ ላይ የአንዱን ወደ ታች እያደረግሁ፣ ቀዩን በነጭ፣ ነጩን በአረንጓዴ አስከተልሁ። ፈተናው ያለው ሁለት ጎን የሚገናኝበት ላይ ነው፤ መስመሩ እዚያ ሲደርስ ይቆረጣል። ሌሎቹ ሴቶች አንድ ጥቁር ጨርቅ ለጥፈው ያልፉታል። እኔ ግን ከአራቱ ማዕዘን ጀምሬ ወደ መካከል ሰፋሁ፤ የሚያጥረውም የሚተርፈውም ዓይን በማያርፍበት ቦታ ወደቀ። መስመሩ እንደ ሐረግ ሳይበጠስ ዞረ። አረንጓዴው ከአንድ የልባሽ ቀሚስ የወጣ ነበር። መጨረሻው ጎን ላይ ሲያጥረኝ፣ ከዚያው ቀሚስ ላይ ቀድሞ ተቀድዶ በሰማያዊ ክር የተጣፈውን ቁራጭ ሳይቀር አስገባሁት።

ያለቀ ቀን አጥር ላይ አሰጣሁት። ለፀሐይ ብዬ አልነበረም፤ ለሰው ዓይን ነው። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች ቆመው “ወይ ውዴ፣ እጅሽ ይባረክ! ይኸንማ ለብሶ መታመም ነው” እያሉ ሲያሞጋግሱኝ ደረቴ ተነፋ። በዚህ መካከል ፍቅርአዲስ መጣች። ከእኔ ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር፣ ነገር የማታበዛ ጎረቤቴ ናት። ጠርዙን በጣቷ ይዛ ብዙ ቆየችና “ውዴ፣ ጠርዙን ብቻ ሽጭልኝ” አለችኝ።

“በሬውን ትተሽ ቀንዱን ልትገዢ?” አልኋት። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን “ቀንዱ ይበቃኛል” አለች። እኔም ሳቁ ጣፍጦኝ፣ ለሙሽራ የተሰፋ መሆኑን፣ እኔም የቅዳጅ ነጋዴ አለመሆኔን ነገርኋት። ጣቷ አሁንም ከሰማያዊው ክር አልተነሣም። ያቺን ነውር አየችብኝ ብዬ “እሱንስ አትዪው፤ ጨርቅ አጥሮኝ ነው። ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስል። የሰፋችው ሴት መርፌ የያዘችው በግራ እግሯ ሳይሆን አይቀርም” አልሁ።

ሊስቁ ከነበሩት አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ፍቅርአዲስ ቀና ብላ አየችኝና “የኔ እጅ ነው” አለችኝ።

እትዬ፣ ቀሚሱ አምና የሞተችባት የልጇ የምሕረት ነበር። ለነፍሷ ብላ ለአንዲት ችግረኛ ሰጥታዋለች፤ ችግረኛዋም ቸግሯት ሸጣዋለች፤ እኔም ገዛሁት። በዚህ ሁሉ ማንም አልበደለም። ነውሩ የኔ ነው። በለቅሶው ቀን ያንን ቀሚስ እናቲቱ አንሥታ ስታለቅስበት አጠገቧ ቆሜ አልቅሻለሁ። ገበያ ላይ ሳገኘው ግን ያየሁት ቀለሙን ብቻ ነው።

ፍቅርአዲስ በአገውኛ ለራሷ አንድ ነገር ብላ፣ የያዘችውን ጠርዝ ቀስ አድርጋ ወደ ቦታው መልሳ ሄደች። “ተመለሺ” ማለት ነበረብኝ። ሴቶቹ እያዩኝ ስለነበረ አላልሁም። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሳያት በሌላ በኩል እዞራለሁ። የማርያም ማኅበር እሷ ቤት ሲደርስ አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

በመጨረሻ ጠርዙን ፈታሁት። ከመስፋቱ ይልቅ መፍታቱ ከበደኝ። አረንጓዴውን ለብቻው ጠቅልዬ ቤቷ ይዤ ሄድሁና “እንኪ፣ ያንቺ ነው” አልኋት። እጇን አልዘረጋችም። “ለነፍሷ የሰጠሁትን መልሼ ልቀበል? ለነፍስ የወጣ ቤት ተመልሶ አይገባም። ግዢ ሲሆን ሌላ ነው። ሽጭልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው” አለችኝ። ምስኪኗ ለራሷ አንድ በር አግኝታ ነበር፤ እኔ ሰው አስቄ ዘጋሁባት።

ገንዘብ ልቀበላት ደግሞ አልቻልሁም። ይኸን ስታይ ሣጥኗን ከፍታ የክት ቀሚሷን አወጣች፤ ያ የወይን ጠጅ መልኩ፣ ለጥምቀት የምትለብሰው። “በዚህ ለውጪኝ” ብላ መቀስ አነሣች። እባክሽ አትቁረጪው ብላት “አሁንም ልትከለክይኝ ነው?” አለችኝ። ታችኛውን ዙሪያ ቆርጣ ሰጠችኝና የልጇን ጨርቅ ተቀበለችኝ።

አዲሱ ጠርዝ ከዚያ ወጣ። ሦስቱን ጎን እኔ ሰፋሁ። አራተኛውን “ለኔ ተዪልኝ” ብላ ከጭኔ ላይ ወሰደችው። አብረን ተቀምጠን ስንሰፋ ስለ በርበሬ ውድነት፣ ስለ ጥሊሊ መንገድ አወራን። ይቅር በይኝ የሚለውን ግን አላልኋትም። ዛሬም አላልኋትም። ሌላውን ሰው ሁሉ በቃል የምወጋ ሴት፣ ለዚህ ቃል አጣሁለት።

መንገዱ ሲከፈት ክንዴ የተባለ የሰፈራችን ነጋዴ ይዞልዎ ይመጣል። ኀዘንተኛ የነካው ለሙሽራ አልጋ አይሆንም ካሉ አልቀየምዎትም፤ በሱው መልሰው ይስደዱልኝና እኔ እለብሰዋለሁ። ከተቀበሉት ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። አራተኛው ጎን ጠማማ ነው፤ ክሩ አንዳንድ ቦታ ይወጣል፣ ይወርዳል። እኔም ላቃናው መርፌ አንሥቼ ተውሁት። ለዚያች ለደብረ ብርሃን ሰፊዎ ሰጥተው እንዳያስፈቱት። እንግዳ ቢስቅበት እንኳ ውዴ የሰፋችው ነው ይበሉ።

ጋሼ ደጉን ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ። ምስጋናው ለእህቱ ሰርግ እንዳይሰክር አክስትህ ብላሃለች ይበሉት። ሜላትን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ የአብርሃም የሣራ ያድርግላት። ጎረቤቶችዎን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ፍቅርአዲስም እህትሽን ሰላም በይልኝ ብላኛለች፤ የጻፍሁልዎን ግን አታውቅም፤ ብትጠይቀኝም አላሳያትም።

እህትዎ ውዴ

እንጅባራ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.