ልቤ ሳንጃ ገብቶ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለአያ አስናቀው፣
ጁባ

እንደምን ከርመሃል? የጁባ ሙቀት እንደምን ይዞሃል? ባለፈው በስልክ ስናወራ ሲያስጨንቅህ የሰማሁት ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም አብሮህ ያድራል? ሚስትህ አዝመራስ ደኅና ናት? ሆዷ ገፍቷል አሉ፤ እግሯ እንዳያብጥ ከፍ አድርጋ ትቀመጥ በልልኝ። ሆቴሉስ እንግዳ አለው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ካንተ ናፍቆትና ከዘመኑ ሐሳብ በቀር በጤና አለን። እናታችን ብርድ ጉልበቷን ሲነካት ትነጫነጫለች እንጂ ሸጋ ናት።

ምነው በወረቀት ጻፈችልኝ ትል ይሆናል። ኢንተርኔቱ እንደ ልብ አይገኝም፣ ይህን የመሰለውን ነገር ደግሞ በስልክ ማውራት አልወደድኩም። ስለዚህ በመካከላችን የሚመላለሰው ባዬ ወደ እናንተ ሲመጣ በእጁ እንዲያደርስልህ ሰጠሁት። ከደብዳቤው ጋር አንዲት ፍላሽ አለች። ውስጧ የየትነበርሽ አልበም ነው። አዎ፣ የኛዋ የትነበርሽ፣ ኮላ ድባ በጉርብትና አብራን ያደገችው የየኔታ ተክለ ጊዮርጊስ ልጅ። ዘጠኝ ዘፈን ሠርታ አወጣች። በዚህ አልበም የተነሣ ሰላሜን አጥቼ ሰንብቻለሁና የሆነውን ሁሉ ልንገርህ።

እንደምታውቀው እኔ የምውለው መድኃኒት ቤት ነው። ስለ ዘፈን የምጽፈው እንዲያው ለነፍሴ ነው። ክንዱ የሚባል የሬዲዮ ጋዜጠኛ ጽሑፎቼን ፌስቡክ ላይ አንብቦ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚያዘጋጀው ዝግጅት ላይ አልፎ አልፎ አስተያየት እንድሰጥ ይጠራኛል። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ “ሐያሲዋ” ይለኝ ጀመር። ሽሮፕ ሊገዛ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ ስለ ዘፋኝ ይጠይቀኛል። የትነበርሽም አልበሟ እንደወጣ መጥታ፣ በሬዲዮው አንቺ ገምግሚልኝ፣ ጓደኛዬ ናት ብለሽም አታሽሞንሙኚው አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለቱ ቀላል ነበር።

ሰማሁት፤ ደግሜም ሰማሁት። ድምጿን ታውቀዋለህ፣ አሁን ደግሞ በስሏል። አምባሰል ይዛ ስትወርድ ሰውነቴን ይወርረኛል። ቅንብሩ ግን አልተስማማኝም። ማሲንቆው አለ ይበሉ እንጂ በኪቦርዱ ጩኸት ተውጦ፣ ጎርፍ እንደወሰደው ሰው እጁ ብቻ ብቅ ይላል። ሦስተኛውና አምስተኛው ዘፈን ስማቸው ይለያይ እንጂ ዜማቸው አንድ ነው። የሰርጉ ዘፈን ደግሞ ከመቸኮሉ የተነሣ ሙሽራዋን ጥሎ የሚሄድ ይመስላል። ይህን ሁሉ እናገራለሁ ብዬ ቆረጥኩ። የጨነቀኝ እሱ አልነበረም።

የጨነቀኝ ስድስተኛው ነው። ከአልበሙ ሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። መሣሪያ አልበዛበትም፤ ድምጿ ብቻውን ቆሞ ይሄዳል። እንዲህ ይላል፦

አገር ሰላም ብሎ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣
ልቤ ሳንጃ ገብቶ አላስተኛ አለኛ።

ለኔ አንዱ ፍቺ ግልጽ ነው። ሳንጃ ከተማ ሰሊጥ የሚነግድ ታከለ የሚባል ወዳጅ አላት። ከኔ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ልቧ እዚያ ገብቶ ቀርቷል። ነገር ግን አያ አስናቀው፣ ሳንጃ ጠመንጃ አፍ ላይ የሚሰካውም ስለት ነው። አገር ሰላም እየተባለ ልቤን ሳንጃ ገባው የሚል ሰው፣ በዚህ ጊዜ ምን አለ ይባላል? አንዱ ለኛ ዘፈነች ይላል፣ ሌላው በኛ ላይ ዘፈነች ይላል። ዘፈኑን ካመሰገንኩ ግጥሙን ማንሣቴ ነው። ካለፍኩት ደግሞ የአልበሙን ልብ ዘልዬ ምን ገመገምኩ ልል ነው? እሷስ ፊቴን አይታ አትታዘበኝም?

ሰው ከሚነግረኝ ራሷን ልጠይቃት ብዬ ማራኪ ሰፈር ከተከራየችው ቤት ሄድኩ። ልብስ እያሰጣች ነበር። ስትጽፊው የቱን ነበር ያሰብሽው ብዬ ሳልሸፋፍን ጠየቅኳት። እጇ ሥራውን አላቆመም።

“ስጽፈው ታከለን ብቻ ነበር” አለችኝ። “ስቱዲዮ ገብቼ ስዘፍነው ግን የሳንጃ መንገድ በተኩስ ተዘግቶ ነበር። ሁለቱም አፌ ውስጥ ነበሩ።”

ታዲያ እኔ ምን ልበል ስላት፣ የሰማሽውን በይ አለችና የቀረውን ልብስ እንዳቀብላት እጇን ዘረጋች።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ ሰው አልነበርኩም። ለአንዲት እናት የጨጓራ መድኃኒት አዝዘውላት የሳል ሰጥቼ፣ ከበር ሮጬ መለስኳት። አሞኛል ብዬ ልቅር ወይ ብዬም አስቤ ነበር። ግን እኔ ብቀር ክንዱ ሌላ ሰው ይጠራል፤ ያ ሰው ደግሞ ስለ ታከለ አያውቅም።

ቅዳሜ ገባሁ። ስለ ኪቦርዱም፣ ስለ መንትዮቹ ዘፈኖችም፣ ስለ ሰርጉም ያሰብኩትን ተናገርኩ። ክንዱ ስድስተኛውን አሰማ። እኔም የአልበሙ ራስ ይህ ነው ብዬ ስለ ዜማው አወራሁና ግጥሙን ሳልነካ አለፍኩ። አመለጥኩ ስል የአድማጭ ስልክ ተከፈተ። አንድ ስሙን ያልተናገረ ሰው ገባ። ድምፁ ቁጣም ሣቅም የለበትም።

“ዘፋኟ ሳንጃ ያለችው ምኑን ነው? ለአድማጭ ግልጽ ይደረግልን” አለ።

ክንዱ ቀና ብሎ አየኝ። እጁ ወደ ስልኩ መዝጊያ ሄዶ ተመለሰ። ካልመለስኩ ያ ራሱ መልስ እንደሚሆን ገባኝና፣ ከተማውን ነው አልኩ። የምትወደው ልጅ ሳንጃ ሰሊጥ ይነግዳል፣ ታከለ ይባላል፣ ስሙን ጠርታ መዝፈን አፍራ ነው አልኩ። ሰውዬው እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ዘጋ።

ከስቱዲዮው ስወጣ ተገላገልኩ አልኩ። ፒያሳ ሳልደርስ ግን ያደረግሁት ነገር ታየኝ። የትነበርሽ ያባት ልጅ ናት። ያውም የየኔታ። ሴት ልጃቸው ወዳጅ እንዳላት ከኔ አፍ፣ በሬዲዮ፣ አገር ሁሉ እየሰማ ተነገራቸው። ከድጡ ወደ ማጡ ከተትኳት አልኩ። ብደውል ብደውል አታነሣም። ቤቷ ብሄድ ተዘግቷል። በርግጥም ኮላ ድባ ያለው ሰው ሁሉ፣ የኔታ ከቤተ ክርስቲያን ከመመለሳቸው በፊት ነግሯቸው ኖሯል።

ሳምንት ያህል ጠፍታ ቆይታ አንድ ቀን መድኃኒት ቤቱ መጣች። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት አስቆመችኝ።

“የታከለ ነገርስ አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም ነበር” አለች። “ማሲንቆውን ጎርፍ ወሰደው ያልሽው ነው ያንገበገበኝ። እኔ መች ጠፋኝ? አቀናባሪው እንዲህ ካልሆነ አይሸጥም ሲለኝ አፌን ይዤ የተውኩት እኔው ነኝ።”

ይህን ብላ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። መድኃኒት ሊገዙ የቆሙት ሰዎች ሰው የሞተብን መስሏቸው ነፍስ ይማር ሲሉን፣ ከልቅሶው ወደ ሣቅ ዞርን። ከዚያ አባቴ ጠርተውኛልና አብረሽኝ ሂጂ አለችኝ።

የኔታን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። እኔ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ልጃቸውን አልተቆጧትም። ያንን ግጥም ሳትዘፍኚ በቃልሽ በዪልኝ አሏት። አለችው። ድገሚው አሏት። ደገመችው። ቅኔ ሲፈቱና ሲያስፈቱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው መሆናቸውን አንተም ታውቃለህ። ከዚያ ወደ እሷ ሳይሆን ወደኔ ዞሩ።

“ለሬዲዮው የመለስሽው ሸጋ ነው” አሉኝ። “ያልመለስሽውንም ሰምቻለሁ።”

ለልጃቸው የተናገሩት አጭር ነው። ልጁ የሰው ልጅ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ፣ መንገዱ ደግ አይደለምና በቀን ይምጡ አሉ።

ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ጾመ ነቢያት ሳይገባ ለቅበላው እሑድ፣ ማለትም ለትናንት ነበር። እኔም ከጧት ጀምሮ ኮላ ድባ ነበርኩ። ወደ ሳንጃ ስልክ አይገባም። ረፋድ ላይ አንዱ፣ በሳንጃው መንገድ ሙሴ ባምብ ላይ መኪና እንዳያልፍ ተከልክሏል ብሎ ወሬ አመጣ። ሌላው፣ የለም ትክል ድንጋይ ነው አለ። የትነበርሽ ቀሚሷን ለብሳ ከጓዳ ሳትወጣ ዋለች። ዶሮው ቀዘቀዘ፣ እንደገና ሞቀ። እነዚያ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ያስወጣቸው የኔ ምላስ ነው እያልኩ ከቤት ደጅ ስመላለስ ዋልኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስቱም ሽማግሌዎች በባጃጅ መጡ። ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል። መንገድ ላይ መሣሪያ የያዙ ልጆች አስቁመዋቸው ወዴት ነው ብለው ሲጠይቋቸው፣ ለልጃችን ሚስት ልንለምን ነው ብለው ነበር። የጠየቁት ልጆች መጀመሪያ አላመኑም አሉ። ኋላ አንዱ፣ የሬዲዮዋን ልጅ ነው ብሎ ጠየቃቸውና ሣቅ ብሎ አሳለፋቸው። የኔታ እንደ ደንቡ አቁመው ሰሟቸው፣ አስቀመጧቸው፣ መልሱን ከልደት በኋላ ስትመጡ እነግራችኋለሁ ብለው ቀጠሯቸው። ይህ እሺ ማለት እንደሆነ ሁሉም ገባው። ዛሬ ጧት ስልኩ ተከፍቶለት ታከለ ደወለና፣ ሽማግሌዎቹ ጎንደር አድረው ጉዟቸውን እንደቀጠሉ ነገረን። ከልደት በኋላ ግን ያንኑ መንገድ እንደገና ይመጡበታል።

እኔም የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ልቤ ድው ማለቱን አልተወም። ክንዱ ከዚያ ወዲህ ስድስተኛውን ዘፈን አላሰማም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። አንተም መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ ለብቻህ ስማው። ያገራችን ሰው በሚሰበሰብበት ሆቴል ውስጥ ከመክፈትህ በፊት ደግሞ ማን ማን እንደተቀመጠ እይ። ከሰማህ በኋላ አስተያየትህን በባዬ እጅ ላክልኝ፤ የትነበርሽ ያንተን ከኔ ይልቅ ትፈራዋለች።

አዝመራን ጉንጮቿን ሳምልኝ። እሷንም ማርያም በሽልም ታውጣት። የኔታ ከነመቋሚያቸው ይመርቁሃል። የትነበርሽ እጅ ነሥታለች። እናታችን ትናንትና ማምሻውን ከኮላ ድባ ስመለስ ያንን ዘፈን ከስልኬ ሰምታ፣ ይቺ ልጅ ስለ ማን ነው እንዲህ የምታለቅሰው ብላ ጠየቀችኝ። ስለ አስናቀው ነው አልኳት። አመነችኝና ድገሚው አለች።

እህትህ የዓለምወርቅ
ጎንደር፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.