ሁለት የግራ እጅጌ

ጥር 3

የሠራኋት ትንሿ አውሮፕላን ዛሬም ወደቀች። ቀጥ ብላ ስትበር ምንም አትሆንም። ወደ ቀኝም እሺ ብላ ትታጠፋለች። በሪሞት ወደ ግራ ሳዞራት ግን ግራ ክንፏ ድንገት ቁልቁል... ሜዳው ዳር ያለው ገለባ ውስጥ። መምህር ሙላቴ፣ “ነስሪን፣ ዞራ ካልተመለሰች ለምረቃው ትርኢት አናቀርባትም” አሉኝ። የመመረቂያ ሥራዬ እኮ ናት!

ክንፏን ጨርቅ ያለበሷት አባባ ናቸው፣ በስፌት መኪናቸው። ሱቅ ስገባ አንድ ደንበኛ “የሱፍ፣ ልጅህ ምን ትሠራለች?” አላቸው። “እሷማ አውሮፕላን ትጥላለች!” አሉ አባባ። ሱቅ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ከልቤ ግን አልነበረም።

ጥር 8

ከአባባ ሱቅ ቁርጥራጭ ክር ለቅሜ ክንፎቿ ላይ ለጠፍኩ። ነፋሱ የት እንደሚሄድ ክሩ ይናገር። ወንድሜ ነጂብ በባጃጁ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ይዞኝ ከነፈ። እኔ አውሮፕላኗን በጎን አውጥቼ፣ በየክንፏ ያሉት ፕሮፔለሮች እየዞሩ። “ሰው ምን ይለናል?” ይላል። “ንዳ እንጂ!” አልኩት።

ወደ ግራ አጋደልኳት። የቀኝ ክንፍ ክሮች ክንፉ ላይ ተኝተዋል። የግራው ጫፍ ላይ ያሉት ተነስተው ይንቀጠቀጣሉ... ለምን የግራው ብቻ?

ጥር 9

ገባኝ! ሁለቱም ፕሮፔለሮች የሚዞሩት ወደ አንድ ጎን ነው። ወደ ላይ የሚገፋው ነፋስ በቀኝ ክንፍ የሚያርፈው ወደ ሆዷ በቀረበው በኩል፣ በግራው ግን ጫፉ ላይ። ወደ ግራ ስትታጠፍ ያ ክንፍ ድሮም ይዘገያል። በዚያ ላይ ነፋሱ ከታች ሽቅብ ሲመታው ላዩን ይዞት የነበረው አየር ተላቆ ጥሎት ይሄዳል።

አባባ አልገባቸውም። የሚሰፉትን ኮት አነሳሁ። “ለዚህ ሁለት የግራ እጅጌ ቢያደርጉለትስ?”

“አበድሽ እንዴ! ሰውየው ክንዱን እንዴት ሊያጥፍ?”

“እኔም ለእሷ ያደረግሁላት እሱን ነው።”

ኮቱን ከእጄ ተቀበሉኝ። ከዚያ፣ “ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አንዱን ፍቺው!”

ጥር 14

በተቃራኒ የሚዞር ፕሮፔለር ደብረ ታቦር ከየት ይመጣል? ከዋንዛ እንጨት ጠረብኩ። ተሰነጠቀ። ሌላ ጠረብኩ፣ እሱም። ይኼኛው ግን... ማሻአላህ! እጄ ቆስሏል፤ ይቁሰል።

ጥር 19

አባባ በገበያ ቀን ሱቅ ዘግተው አያውቁም። ዛሬ ሜዳው ዳር ቆመው አየኋቸው፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ።

አስነሳኋት። ወደ ግራ... አጋደለች። ክንፏ አልወረደም! ዞራ፣ በራሳችን ላይ አልፋ፣ እግሬ ሥር አረፈች። መምህር ሙላቴ “አንቺ ልጅ!” ብቻ አሉ። ኮራሁ። አዎ ኮራሁ፣ ከማን እደብቃለሁ?

ጥር 20

ያ ደንበኛ ኮቱን ሊወስድ መጣ። “እህሳ፣ ልጅህ ዛሬም ጣለች?” አባባ ከአፋቸው መርፌ አወጡ። “ታዞራለች። አዙራም እግሯ ሥር ታሳርፋለች።”

ከዚያ በኋላ ልክ ሊለካ የገባውን ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ “አውሮፕላን የምታዞረዋ ልጄ ናት” ይላሉ። እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እንዳልሰማ ሆኜ።