ስለ ብሎጌ ስንብት ከሙቅ ገንዳ ውስጥ ያስጻፍኩት ቃል

እኔ ሃልፍሪዱር፣ በሰሜን አይስላንድ በክሮክስቪክ መንደር የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የጥርስ ሐኪም ረዳት፣ ዛሬ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ረፋድ ላይ፣ አእምሮዬ ሙሉ፣ ሰውነቴም ሙቅ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ፣ ማንም ሳያባብለኝና ሳያስፈራራኝ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የምሞተው እኔ አይደለሁም፤ እንዲያውም እንደ ዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም። የሚሞተው «እስከ አንገት» የተባለው ብሎጌ ነው። በየመንደሩ ሙቅ ገንዳ እየተነከርኩ፣ ስለ ውሃውና ስለ ተነካሪው ከአሥር ዓመት በላይ ጽፌበታለሁ።

ጸሐፊዬ የገንዳው ጠባቂ ኦድኒ ናት፤ ዳር ላይ፣ በረዶው መሐል ወንበር ይዛ በጓንት ትጽፋለች። ምስክሮቼ አብረውኝ የተነከሩት በግ አርቢው ከቲልና የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን መቺ ሩኖልፉር ናቸው። የሚባለውን ሁሉ፣ ንትርኩን ጭምር እንድትጽፍ ኦድኒን አዝዣታለሁ።

ብሎጉን የምገድለው ወሬዬን ለማስመለስ ነው። ዱሮ ገንዳ ውስጥ የሚወራውን፣ ስም ሳልጠራ፣ ብሎጉ ላይ ጣል አደርግ ነበር፤ «አንድ በግ አርቢ እንዲህ አለ» እያልኩ። ሰዉ ወደደው። ከዚያ ሁሉም መጠቀስ አማረው። ዕድሜ ልኩን ስለ በግ እከክ ብቻ ሲያወራ የኖረው ከቲል፣ እኔ ስገባ ስለ ተራራው ብርሃን ቤት የሚመታ ግጥም ይዞ ይጠብቀኝ ጀመር። ሩኖልፉርም ስለ ዝምታ ጥልቀት ይናገራል፣ ያውም ዝም ሳይል። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሳለሁ ሳቃቸው ይሰማኛል፤ በሩን ስከፍት ሳቁ ግጥም ይሆናል። በምን እንደሳቁ ሳልሰማ ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ባሌ ካረፈ ወዲህ የሰው ጨዋታ የማገኘው እዚህ ብቻ ነውና፣ ነገሩ አንጀቴን አቃጥሎታል።

«የኔ ግጥም ደግሞ ምን አጠፋ?» አለ ከቲል።

«ምንም አላጠፋም። ለበጎችህ አንብብላቸው።»

ስለዚህ እንደሚከተለው ተናዝዣለሁ።

በገመድ የታሰረውን ቴርሞሜትሬን ለኦድኒ አውርሻለሁ። ይህ ገንዳ አርባ ዲግሪ ነው እያለች ስትሟገተኝ ኖራለችና በገዛ እጇ ትለካው።

«አርባ ነው» አለች ኦድኒ።

«ሠላሳ ስምንት ተኩል ነው። ጻፊ።»

«እየጻፍኩ ነው። ግን አርባ ነው።»

በያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር «መኪና ማቆሚያ አለው?» እያለ ሲጠይቀኝ ለኖረው፣ ስሙን ለማላውቀው አንባቢዬ መልሱን ትቻለሁ፦ አለው። ሁሉም ጋ አለው። በሰላም ኑር። «ፎቶ የለውም» ብላችሁ የተቀየማችሁኝ ግን፣ ካሜራ ይዞ ገንዳ መግባት ክልክል መሆኑን እያወቃችሁ ነውና ምንም አላወርሳችሁም።

ሬይክያቪክ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ብሎጉን ተረክቦ የዋና ልብስ ማስታወቂያ ሊለጥፍበት ለምኖኛል። ልጁን እወደዋለሁ። ሆኖም ገንዳ ከመግባቱ በፊት በሳሙና በወጉ የማይታጠብ ሰው የእኔን ብሎግ አይረከብም። ሳሙናዬን ይውሰድ።

ለከቲል፣ ያላወጣሁለትን ግጥሞቹን በሙሉ መልሻለሁ። ምክሬም፣ ስለ እከኩ ያውራልኝ።

ትናንት የመጀመሪያ ጽሑፌን ሳነብ ትንሽ አልቅሻለሁ። ጥሩ ጽሑፍ እንኳ አልነበረም፤ ግን ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር።

ብሎጉን ትኬት መቁረጫው ጋ ባለው ኮምፒዩተር ከፍተን ትተነው ነበርና፣ ኦድኒ ሄዳ አጥፍታው ተመለሰች።

«ጠፋ» አለች። «‹እርግጠኛ ነሽ?› እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«እርግጠኛ ናት አልኩት።»

ትምህርት ቤት እንደተዘጋለት ልጅ ፈነደቅሁ፤ ሳቄ አላቆም ብሎኝ ውሃ ዋጥኩ። ሳቄ ሲያልቅ ግን ገንዳው ጸጥ አለ። ከቲል ጣቶቹን ያያል፤ ሩኖልፉር ሰማዩን ያያል። ወሬ መቼም ላይመለስ ሄዶ ይሆን እንዴ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ከቲል ጉሮሮውን ጠረገ። ግጥም ሊጀምር ነው ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

«ትናንት አውራ በጌ የቄሱን መኪና ወጋ» አለ።

«ቄሱ ውስጥ ነበሩ?» አለ ሩኖልፉር።

«ነበሩ።» ከቲል ወደ በሩ ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻቸውን ግን አልነበሩም።»

ኦድኒ፣ ብዕሩን አስቀምጪ። ቃሌ እዚህ ላይ አልቋል፤ የጸና ይሁን።

ተናዛዥ፦ ሃልፍሪዱር (ፊርማ፣ ውሃ የነካው)

ምስክር፦ ከቲል፣ በግ አርቢ (ፊርማ)

ምስክር፦ ሩኖልፉር፣ ኦርጋን መቺ። ቆይቼ እፈርማለሁ፤ አሁን እየሰማሁ ነው።

ጸሐፊ፦ ኦድኒ፣ የገንዳው ጠባቂ (ፊርማ)። ቡትስና ካልሲዬን አውልቄ እግሬን ከጎናቸው ነክሬያለሁ። ሴትዮዋ ማን እንደነበረች ሰምቻለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።