ለነዋል ብቻ የሆነው ኪኒን

ልጄ ሚስራ፣ አሰላሙ አለይኩም። የአላህ ጥበቃ እዚያ ጂዳ ድረስ አይለይሽ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፤ ጨፋ ሜዳ ላይ ዘንድሮ ማሽላው አምሯል። ልጅሽ ነዋል በስልክ ድምፅሽን በሰማች ቁጥር ጓዳ ገብታ ትፈልግሻለች። አንዳንዴ እኔም ተከትያት እገባለሁ።

በስልክ ልነግርሽ ያቃተኝ ነገር አለ። ለነዋል የላክሽውን ቢ ስድስት ኪኒን ለጎረቤት ልጆችም አድል ነበር። ቫይታሚን አይደል፣ በሌላ ሰው ልጅ ፊት ለራስ ልጅ ብቻ መስጠት ነውር ነው ብዬ። ኪኒኑ ሳይታሰብ አለቀ፤ በሦስተኛው ቀን የሚጥል በሽታው ተመልሶ መጣባት።

ደሴ ይዣት በረርኩ። ሐኪሙ፣ "እናቴ፣ የዚች ልጅ ሰውነት ከምግብ የሚያገኘው አይበቃውም። ለሌላው ልጅ ቫይታሚን ነው፤ ለእሷ ግን መድኃኒቷ ነው" አለኝ። እዚያው ኪኒኑን ሰጥቷት ተሻላት። አሁን ለጎረቤት ልጆች ጥንቅሽ እቆርጥላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውዪ የሰፈሩን ሁሉ ደህንነት ከመጠየቅሽ በፊት፣ "ነዋል ኪኒኗን ዋጠች?" በዪኝ። አልቀየምሽም። አላህ ደጃፌ ላይ ቆመሽ እስካይሽ ዕድሜ ይስጠኝ።

እናትሽ ዘምዘም፣ ከከሚሴ