እማዬ ለምን እንዳጨበጨበች

ውድ ወንድሜ ወንድማገኘሁ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ አራጋው ነው። ፈቃዱን ጨርሶ ነገ ወደ ጦር ክፍላችሁ ይመለሳል፤ በስልክ የማይወራውን በእጁ ልኬልሃለሁ።

ባለፈው ስትደውል ሰላምታ እንኳ አላስጨረስከኝም። «እማዬ ስታጨበጭብ በቴሌቪዥን አየኋት» አልክ። ቀጥለህም «ታላቅ ወንድማችንን ምስክርን ከገደሉት ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ መዋሌ ደስ ብሏት ነው?» አልከኝ። መልሴን ሳትሰማ ስልኩን ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ድምፅህ ጠፋብን።

ያላየኸውን ልንገርህ።

ስብሰባው የተጠራው እዚሁ መካነ ሰላም አዳራሽ ነበር። ከጎረቤት አገር ጦር ጋር የተደረገውን ስምምነት ሕዝቡ እንዲደግፍ ነው የተባለው። ልጆቻቸው ግንባር ያሉ ወላጆች ፊት ላይ ተቀመጡ፤ ካሜራም ተደቀነባቸው። ሰብሳቢው ብዙ ከተናገረ በኋላ «አስተያየት ያለው?» ሲል አባታችን ተነሡ።

«መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ እባላለሁ» አሉ። «የበኩር ልጄን የገደለው ጠላት ነው አላችሁኝ፤ አምኜ አለቀስሁ። ዛሬ ያው ጦር ወዳጅ ነው ትሉኛላችሁ። እርቅ ቢሆን ደስ ባለኝ። ይኼ ግን እርቅ አይደለም፤ ሌላውን ለመውጋት መማማል ነው። ጠላት ስትሉም ወዳጅ ስትሉም አልጠየቃችሁንም። ሁሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ለጭብጨባ ትጠሩናላችሁ። የቀረኝን ልጅ በምን ምክንያት እንደምሰጥ ማን ይንገረኝ?»

ከጎናቸው የተነሣ ሰው አልነበረም። ማይክሮፎኑን ከእጃቸው ወሰዱባቸው። ከእማዬ ኋላ የተቀመጠ የማናውቀው ሰው ጎንበስ ብሎ «እማማ ካሰች፣ ልጅዎ እኮ በሰው እጅ ነው፤ ያስቡለት እንጂ» አላት። ከጎኗ ስለነበርኩ ሰምቼዋለሁ። ሰብሳቢው «ስምምነቱን የምንደግፍ በጭብጨባ!» ሲል ቀድማ ያጨበጨበችው እማዬ ናት። ሰው ሁሉ ተከተላት። ካሜራውም ያኔ ዞረባት። የአባታችን ንግግር ግን በቴሌቪዥን አልወጣም።

በማግስቱ ጎረቤታችን አሕመድኑር መጣ። «ወላሂ የኔታ፣ የሁላችንንም ልብ ነው የተናገሩት» አላቸው።

«ልባችሁንማ ድሮም አውቀዋለሁ» አሉት። «እዚያ የቸገረኝ አፋችሁ ነበር።»

አሕመድኑር አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ወላጆች ስለፈሩ አባታችን የሚያስተምሯቸው ልጆችም እየተንጠባጠቡ ቀሩ። አባታችን አሁን ከእማዬ ጋር አይነጋገሩም። ምሳ ታቀርባለች፤ ጸሎት አድርሰው ይበላሉ፤ ይኸው ነው።

አንተ ያልከኝን ስነግራት ገብስ እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ።

«ያባቱ ቃል ለሱ እንዳይተርፈው ብዬ ነው» አለች። «እሱ እሳት ውስጥ ሆኖ እኔ እዚህ ጀግና ልሁን? ሰው ይናቀኝ፤ እሱም ይናቀኝ፤ ብቻ በሕይወት ይምጣልኝ።»

አባታችን ደጅ ሆነው ሰምተው ኖሮ ገቡ። ያናግሯታል ብዬ ነበር። ጋቢያቸውን አንስተው ወጡ።

ለቅዳሜ ሌላ ስብሰባ አለ። «አርአያ እናት» ተብላ እንድትናገር ጠይቀዋታል፤ የምትለውንም ነግረዋታል። እሄዳለሁ ብላለች። «እውነቱን እሱ ሲመለስ እናገራለሁ፤ እስከዚያ ያሉኝን እላለሁ» ትላለች። አባታችን ትክክል ናቸው። ግን እሷንስ ምን ልበላት?

ወንድሜ፣ ከቻልክ ደውልላት። የጭብጨባውን ነገር አታንሳባት፤ እማዬ ብቻ በላት። መደወል ካልቻልክና እንደገና በቴሌቪዥን ካየሃት፣ የምትለውን አትስማ። ፊቷን እይ።

እግዚአብሔር ከጥይት ይሰውርህ።

እኅትህ ሰርካለም
መካነ ሰላም